ከጭብጨባው በፊት ዘይቱን እንይ



ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ የልጁን ቪዲዮ ለምን ሼር አላደረጉትም?» አንዱ ወዳጄማ ጭራሽ «ምቀኛ ነህ» ብሎኛል። እሺ፣ መልሴ ይኸው።

ልጁ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከብረት ቱቦና ከሸራ አውሮፕላን ሠርቷል። ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ ነው። ለጊፋታ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሊያስነሳው አስቧል። ግቢው ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እጁ ወርቅ ነው። ግን የዘይት ማቀዝቀዣው ከተጣለ መኪና የተፈታ፣ ሁለት ቦታ የተበየደ፣ በሽቦ የታሰረ ነው። ቱቦው የውሃ ቱቦ ነው። «ስንት ደቂቃ አስነስተህ አየኸው?» አልኩት። «አምስት ደቂቃ ቲቸር፣ አሪፍ ነው» አለኝ።

በአምስት ደቂቃ እኮ ሽሮም አይበስልም!

የኔ ዲፕሎማ አውቶ መካኒክ ነው፣ ኢንጂነር አይደለሁም። ይሄን ለማየት ግን ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። የቮልስ ሞተር በውሃ ሳይሆን በነፋስና በዘይት ነው የሚቀዘቅዘው። መኪናው ላይ ትልቅ ፋን አለ፤ የዘይት ማቀዝቀዣውም እዚያው የፋኑ ቆርቆሮ ውስጥ ቆሞ ነፋስ ያገኛል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የሦስተኛውን ሲሊንደር ነፋስ ስለሚሻማ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቅ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ኋላ ላይ ቦታውን ቀይሮታል። አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ደግሞ ፋኑ ይነቀላል፣ ክብደት ነዋ! ማቀዝቀዣው በቱቦ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣል። ፋብሪካው ያላሰበው ቱቦ፣ ያላሰበው ማያያዣ፣ ያላሰበው ንዝረት ይመጣል።

መኪና ከሶዶ አረካ ሲሄድ ሙሉ ጉልበቱን የሚጠቀመው ዳገት ላይ ለጥቂት ጊዜ ነው። አውሮፕላን ግን አየር ላይ እስካለ ድረስ አብዛኛውን ጉልበቱን ይፈልጋል። በጣም የሚሞቀው ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን ገና ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያገኘው ነፋስ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይታገላል፣ የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ ራሱ ስስ ነው።

የዚህ ሞተር ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ቱቦው ከፈነዳ ወይም ማቀዝቀዣው ከተሰነጠቀ ፓምፑ ራሱ እየገፋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያፈሰዋል። ከዚያ ሞተሩ ይነክሳል። ኢሱዙ ቢነክስ ዳር ይዛችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ ታደርጋላችሁ። ሰማይ ላይ ዳር የለም።

«አስመላሽስ?» ትሉኛላችሁ። አስመላሽ ዘፈሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም ያወራለትን ኬ-570ኤ የሠራው በ40 ፈረስ ጉልበት የቮልስ ሞተር ነው፣ እውነት ነው። ግን ስሙ ላይ ያለው 570 ሥራው የፈጀበት ቀን ነው። 570 ቀን! እኛ ልጁን «ለጊፋታ አድርሰው» እያልን እናጣድፈዋለን። «ፀሐይስ?» የምትሉም አላችሁ። በ1935 ከጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ጋር የተሠራችው፣ በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው ፀሐይ የተገጠመላት ሞተር ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ነበር።

«የፋብሪካ አውሮፕላንም ዘይት ያፈሳል» ላላችሁኝም፦ አዎ ያፈሳል። ለዚህ እኮ ነው የሚፈተሸው። አሜሪካ ውስጥ ሰው በጓሮው የሠራውን አውሮፕላን ሕዝብ ከሌለበት ቦታ ለ25 ሰዓት እያበረረ እንዲፈትሽ ይጠየቅ ነበር። ሞተሩ ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ሞተር ካልሆነ 40 ሰዓት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት አባቶቻችን ምቀኞች ነበሩ እንዴ?

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው፦

1. አዲስ ማቀዝቀዣ። ሞተር ከነከሰ መኪና የተፈታ ውስጡ የብረት ፍቅፋቂ ይይዛል፣ ታጥቦ አይጠራም።
2. ለሞቀ ዘይት የተሠራ ቱቦ፣ ንዝረት በሚውጥ ጎማ ላይ የተቀመጠ ማሰሪያ።
3. የዘይት ሙቀትና ግፊት የሚያሳይ ጌጅ፣ አብራሪው ፊት ለፊት።
4. ጭራውን ከዛፍ ጋር አስሮ፣ በቀትር ፀሐይ፣ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት። ከዚያ ፈትቶ ማየት። ደግሞ መድገም።
5. ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ። ያለዚያ፣ ያውም ሕዝብ መሀል፣ አይነሳም።

አንተም ይሄን እንደምታነብ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ «ለምን?» ብለህ የምታስቸግረኝ አንተ ነበርክ፤ አሁን ማቀዝቀዣህን «ለምን?» በለው። ጊፋታ በየዓመቱ ይመጣል፣ እናትህ ግን ሌላ አንተ የላትም።

ለአዲሱ ማቀዝቀዣ ከደመወዜ 2,000 ብር አስቀምጫለሁ። ላይክ የምታደርጉ ሁሉ ተከተሉኝ። ነገ ለድንኳን ከምናዋጣ ዛሬ ለዘይት ማቀዝቀዣ እናዋጣ።

አንድ ሰዓቱን ያለ አንዲት ጠብታ የጨረሰ ቀን፣ ቪዲዮውን መጀመሪያ ሼር የማደርገው እኔ ነኝ።