እስቲ አንዱን ብቻ ንገሩኝ

የታዋቂ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ሲያልቅ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ከመጻሕፍት የትኛውን ታደንቃለህ?» መልሱም እንዲሁ አይቀሬ ነው፤ ፍቅር እስከ መቃብር። ዘፋኝ ቢጠየቅ፣ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ቢጠየቅ፣ ባለሥልጣን ቢጠየቅ ያው ነው። ከሙዚቃ ሲባል ጥላሁን ገሠሠ ይጠራል። ፊልም ላይ ሲደረስ ደግሞ «ጊዜው የለኝም እንጂ…» ተብሎ ይታለፋል።

መልሱ ክፋት የለውም። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የሚስተካከለው አልመጣም የሚሉ ሰዎች ቢሳሳቱ እንኳ ብዙ አይሳሳቱም። እኔን የሚያጠራጥረኝ ከመልሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዝምታ ነው። «የትኛው ቦታው ያዘህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ወደ ጉዱ ካሣ ይሮጣል። ግማሹ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማው እንጂ ገልጦ ያነበበው እንዳልሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። (ይህኛው እንኳ ነውር አይደለም። ያን ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን በኋላ ሲያነብም የሚሰማው ወጋየሁን ነው።)

እኔን ብትጠይቁኝ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የምወደው ፍቅር የበዛብህና የሰብለ ወንጌል አይደለም። የበዛብህ እናትና አባት፣ የውድነሽ በጣሙና የቦጋለ መብራቱ ነው። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የሸሻት ሴትና ወገን ዘመድ የሌለው ሠራተኛዋ፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ጎጆ ቀለሱ። ማንም አልዘፈነላቸውም፤ ለመሞትም አልተማማሉም፤ እየተከባበሩ ኖሩ። ወጣት ሆኜ ሳነበው ያን ክፍል ቶሎ ቶሎ ገልጬ ወደ ሰብለ ነበር የምቸኩለው። አሁን ግን መጽሐፉን ባነሣሁ ቁጥር የምመለሰው እዚያው ነው።

ይህን ማለቴ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ዕድሜዬን፣ ምናልባትም ትዳርን እንዴት እንደማየው። ሰው ርዕሱን ብቻ ጠርቶ ዝም የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ርዕስ ጠርቶ ማለፍ የቀበሌ መታወቂያ እንደ ማሳየት ነው፤ ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ስለ ሰውየው ግን የሚናገረው ነገር የለም። «ለምን?» ሲመጣ ገመና ይገለጣል። ይሉኝታ የሚባለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስንትና ስንት የተማረ ሰው አለ፣ ልቡ ያለው በልጅነቱ በሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ባየው የህንድ ፊልም ላይ ሆኖ፣ ሲጠየቅ ግን አንድ የአውሮፓ ዳይሬክተር ስም የሚጠራ! እንዲህ ያለው ሰው ስለዚያ የህንድ ፊልም ቢያወራኝ፣ እናትየዋ ልጇን በዘፈን ስታውቀው እንዴት እንዳለቀሰ ቢነግረኝ፣ ፊልሙን ፈልጌ አየው ነበር።

የወደዱትን ለሌላ ማካፈል እስከ ምን ድረስ ሊያስኬድ እንደሚችል ሳስብ ከፊቴ የሚመጣው ነቢይ መኮንን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ፣ በተረት በሚጀምሩት ርዕሰ አንቀጾቹና በግጥሞቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን በደርግ ዘመን እስረኛ ነበር። እዚያ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ፣ በእንግሊዝኛው ከ1,000 ገጽ የሚበልጠውን፣ ወደ አማርኛ መለሰው። በእስር ቤት ወረቀት ከየት ይምጣ? የተገኘው የሲጋራ ፓኬት ነው። ከፓኬቱ የሚወጣውን ወረቀት እየዘረጋ፣ ፊደሉን እያደቀቀ፣ 3,000 በሚሆን ብጥስጣሽ ላይ ጻፈው። ያም ወረቀት በየሲጋራ ፓኬቱ ተሸጉጦ፣ በሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት እየወጣ፣ በስተኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ስካርሌት ኦሃራ የምትባል የጆርጂያ ቅምጥል፣ ነገ ምን እንደሚመጣበት ለማያውቅ የአዲስ አበባ እስረኛ ምኑ ናት? ምኑም አይደለችም። ግን አብረውት የታሰሩት ሁሉ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ደግሞ መሀላቸው አለ። ነቢይ «ግሩም መጽሐፍ ነው፣ ስትፈቱ አንብቡት» ማለት ይችል ነበር። አላለም።

በነገራችን ላይ እኔ መጽሐፉን ያን ያህል አልወደውም። ባሪያ አሳዳሪዎቹን በናፍቆት ዓይን ያያል፤ ባሪያዎቹም በነጻነታቸው ያዘኑ እስኪመስል ድረስ ታማኝ ሆነው ይቀርባሉ። ቢሆንም መደርደሪያዬ ላይ የአማርኛውን አስቀምጬዋለሁ። አንድ ሰው ለሌሎች ሰዎች ሲል የደከመበት ነገር፣ ባልወደውም፣ ከማንም የምርጦች ዝርዝር በላይ ያስነብበኛል።

በሙዚቃም በኩል እንዲህ ያለ ነገር ነበረን፤ ካሴት ማስቀዳት። ዛሬ ለወጣቶች ሲነገር እንደ ተረት ነው የሚሰሙት። የዘፈኖቹን ስም በወረቀት ጽፈህ ሙዚቃ ቤት ትሄዳለህ፤ ባለ 60 ወይም ባለ 90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ትገዛለህ፤ በተራ ይቀዳልሃል። ቦታው ውስን ስለሆነ የሚወደድ ዘፈን ሁሉ አይገባም፤ መጣል ግድ ነው። ከሙሉቀን ቀጥሎ ማን ይምጣ? በአስቴር ይከፈት ወይስ በኤፍሬም? ጎን ሀ ካለቀ በኋላ ሰሚው ተነሥቶ ስለሚገለብጠው ጎን ለ የሚጀምርበት ዘፈን ይታሰብበታል። እንዲህ ያለው ካሴት ለልጅቷ ሲሰጣት፣ ልጁ በአፉ ሊነግራት ያልደፈረውን ዘፋኞቹ ተራ በተራ ይነግሩለታል። ካልገባትም ገንዘቡ አልከሰረም፤ ዘፈኑ ይቀራታል።

ለመሆኑ ሙዚቃችን ባሕር ተሻግሮ የታወቀው እንዴት ይመስላችኋል? በእንዲሁ ዓይነት ካሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ፣ አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞት የተመለሰውን የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ሸክላ ሰማ። ሸክላውን ያሳተመው ዓሊ ታንጎ፣ የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት ነው። ፋልሴቶ ሰምቶ ዝም አላለም፤ በካሴት እየቀዳ ሙዚቃ ያውቃሉ ለሚላቸው ወዳጆቹ ላከ። ምን እንደሆነ የሚነግረው ሲጠፋ እሱ ራሱ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሸክላው ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታተመ፤ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት ተጀመረ። ዛሬ በቶኪዮም በኒው ዮርክም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች የመጡት በዚያ መንገድ ነው። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የ2005 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ላይም ያው ነገር ይደገማል፤ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ዊንስተን፣ ረጅም መንገድ ለሚሄደው ለቢል መሪ የአገሩን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሙላቱን ከኢትዮጵያ ውጭ ለብዙ ሰው ያደረሰው ያ ፊልም ነው፤ በፊልሙ ውስጥም ሙዚቃውን የሚያደርሰው ጎረቤት ነው።

ሌላውን ሰው «ለምን?» ብዬ ካፋጠጥኩ የራሴን መደበቅ አይገባኝም።

ከመጻሕፍት የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»። በዓሉ ሲነሣ ሁሉም «ኦሮማይ» ይላል፤ ምክንያቱም ይገባኛል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓመቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው በደም የተገዛን መጽሐፍ አሳንሶ ማየት ይከብደዋል። እኔ ግን ኦሮማይን ሳነብ ጋዜጠኛውን በዓሉን ነው የማገኘው፤ ፈጣን፣ ዓይኑ የማያርፍ፣ የዘመቻውን ሽርጉድ የሚያሳድድ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ ያለው አበራ ወርቁ ግን መንግሥት አላሳደደውም፤ ጦርነት አልበላውም። ሥራ አለው፤ ቤተሰብ «አግባና ተቀመጥ» ይለዋል፤ እሱ ሠዓሊ ልሁን ይላል። ጠላቱ ራሱ ነው። የዛሬ ወጣት ቢሮ ተቀምጦ ማታ ማታ ስለሚጽፈው ሙዚቃ ወይም ስለሚሠራው ፊልም የሚያልመው ያው አበራ ነው። መጨረሻውን ላላነበበ አልናገርም፤ ቅናት ሰውን የት እንደሚያደርስ እንዲህ በአጭሩ የጻፈ ግን በአማርኛ አላየሁም።

ከሙዚቃ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ። እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆቼ ይለዩኛል። እኛ ዘፈን የምንለው ግጥሙን ነው፤ ስንኝ የሌለው ዜማ ጆሯችን ላይ ብዙ አይቆይም። ቤቴ እንግዳ መጥቶ የእማሆይን ፒያኖ ስከፍትለት ጥቂት ታግሦ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ይለኛል። አይጀምርም። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው የአውሮፓን ሙዚቃ የተማሩ፣ ኋላ ዓለምን ንቀው ግሸን ማርያም የገቡ ሴት ናቸው። ከሸክላቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለወላጅ አልባ ልጆች ነው የሰጡት። ጣታቸው ላይ ሁለቱም ትምህርት አለ፤ የፒያኖው ቁልፍ የአውሮፓ ነው፣ አካሄዱ ግን እንደ ማኅሌት መሽቶ እስኪነጋ አይቸኩልም። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ የውጭ ጋዜጦች በሰፊው ጻፉላቸው። የእኛ አገር ሬዲዮ ግን የእሳቸውን ዜማ ዛሬም በዜናና በማስታወቂያ መካከል ክፍተት ሲሞላበት እሰማለሁ፤ ስማቸውን እንኳ ሳይጠራ። ያናድደኛል።

ከፊልም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፤ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወስዷል። እኔ የምወደው ግን በሽልማቱ አይደለም። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ፣ ሁሉም «ተማርክ፣ እስቲ ምን አመጣህልን?» ብሎ ያየዋል። መልስ የለውም። ፊልሙም መልስ አይሠራለትም። ስለዚያ ዘመን የተሠራ ሥራ ሁሉ ወይ ይከሳል ወይ ይሟገታል፤ ይኼኛው ያፍራል። ይረዝማል፤ አዎ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። ኃይሌ ራሱ ሥራውን ለሰው የማድረስን ነገር ያውቅበታል፤ ከዚያ በፊት የሠራውን «ሳንኮፋ»ን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲጠፋ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አዙሮ አሳይቷል። ዋሽንግተን የምትኖሩ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የተከፈተውን መጽሐፍ ቤት ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቴሌግራም። ስልኬ ላይ በየሳምንቱ «ሊነበቡ የሚገባቸው 100 መጻሕፍት» የሚል ይደርሰኛል፤ ከሥሩ ፒዲኤፉ ተደርድሯል። የላከው ሰው አንዱንም እንዳላነበበው እርግጠኛ ነኝ፤ እኔም አልከፍተውም። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ በዚያ ውስጥ ሲያዝ ደግሞ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ደራሲው ተበድሮ ያሳተመውን፣ በሁለተኛው ሳምንት ፎቶ አንሥቶ መበተን ማካፈል አይባልም። ያካፈለ ሰው ከራሱ አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ ካሴት ያስቀዳው ገንዘቡና ጊዜው ሄዷል፤ መጽሐፍ ያዋሰው መጽሐፉ ሄዷል (አንዳንዴም ላይመለስ)፤ ነቢይማ የሄደበትን ነግሬአችኋለሁ። ቴሌግራም ላይ የሚጎድልበት ደራሲው ብቻ ነው።

ስለዚህ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ሆይ፣ ልመናዬ ይኸው። እኔ ሦስቱን ከነምክንያታቸው ነግሬአችኋለሁ። እናንተ አንዱን ብቻ ጻፉልኝ፤ መጽሐፍም ይሁን ዘፈን ወይም የህንድ ፊልም፤ የትኛው ቦታው እንደያዛችሁም ጨምሩበት። ፍቅር እስከ መቃብር ያለ ሰው ገጹን ይጥቀስልኝ። ፒዲኤፍ ግን አትላኩ።