ነቀዙ ሳይሞት ከረጢቱን አትፍቱ

በሾኔም ሆነ በሻሸጎ በቆሎና ቦሎቄ በፒክስ ከረጢት ያስቀመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ «ደህና ይሆን?» እያላችሁ በየሳምንቱ ፈትቶ ማየቱን ብትተዉት ይሻላል።

ከረጢቱ መድኃኒት የለውም። ነቀዙ ራሱ ነው የታሰረውን አየር ተንፍሶ የሚጨርሰው። አየር ላይ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ ነቀዙ መብላቱንም መራባቱንም አቁሞ ፀጥ ይላል። ተኛ እንጂ አልሞተም! ሰውነቱ ደርቆ የሚሞተው ቆይቶ ነው። ቶሎ ከፈታችሁት አየር ያገኝና ይነሳል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ የምለው፣ ቢያንስ ሁለት ወር አትንኩት። ለቤት የሚበላውን መጀመሪያውኑ ለብቻ አስቀሩ። ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች አየራቸውን አስወጥታችሁ ለየብቻ እሰሩ፤ አይጥ ከበሳው ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ሰው በሚተኛበት ቤት የፎስቶክሲን ክኒን እህል ውስጥ ከመጨመር ይሄ መቶ እጅ ይበልጣል፤ የክኒኑ ጋዝ ሰውም ይገድላል።

ዘሩስ? ዘርም ሕይወት አለው፤ በደንብ ከደረቀ ግን እዚያው አርፎ ቆይቶ ሲዘራ ይበቅላል። እርጥብ ከገባ ይበላሻል። ለመለየት ደረቅ ጨውና እህል በደረቅ ጠርሙስ አድርጋችሁ ነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።