የእርሳሱን መስመር አትግደሉት!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አኒሜሽን የጀመራችሁ ልጆች ሥራችሁን በቴሌግራም ትልኩልኛላችሁ። ደስ ይለኛል፣ ሁሉንም አያለሁ። ግን አንድ ነገር እያናደደኝ መጣ። የአሥር ልጅ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል። የሥዕሉን ዳር ይዞ የሚሄደው ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት አለው፤ እንደ ተወጠረ ሽቦ፣ አንድም ቦታ ያልሳሳ፣ አንድም ቦታ ያልጠቆረ። «ደብተርህ ላይ ያየሁት ያ የእርሳስ መስመር የት ገባ?» ስል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ክሊን አደረግኩት እኮ!»

ቆሻሻ ነው ያላችሁ ማን ነው?

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አለች። ታንኳ ስትስል ደንገሉ አንድ በአንድ ይታያል፤ እንዴት እንደታሰረ፣ የቱ ጋ ውሃ ጠጥቶ እንደከበደ ከመስመሯ ታውቃላችሁ። አንድ ስልጠና ገባች። እዚያ «መስመርሽ ፕሮፌሽናል አይደለም፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሏት። የሶፍትዌሩን ማለስለሻ እስከ መጨረሻው ከፍታ እንድትስል አደረጓት። ታንኳው የፕላስቲክ ሳፋ መሰለ። ከዚያ በኋላ «ቲቸር፣ ለዚህ ሙያ አልሆንም መሰለኝ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ልጅ በእጇ እንድታፍር ተደረገች።

እስቲ «ፕሮፌሽናል» የሚባሉት ምን እንደሚሠሩ እንይ። ድሮ የካርቱን ፊልም ሲሠራ ሠዓሊው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይስላል፤ ከዚያ ሌሎች ሠራተኞች ያንን በቀለም ብርሃን ወደሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ይገለብጡታል። ግልበጣው ላይ የእርሳሱ ሕይወት ይጠፋል። እንደ ፈረንጆቹ በ1961 በወጣው «መቶ አንድ ዳልሜሽያንስ» ላይ ዲዝኒ ወጪ ለመቀነስ ብሎ የእርሳሱን መስመር በዜሮክስ ማሽን በቀጥታ ወደ ሴሉሎይዱ አሸጋገረው። ዋልት ዲዝኒ ራሱ መልኩን አልወደደውም ነበር። ዛሬ ግን ፊልሙ ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ ያ ሻካራ መስመር ነው።

ቆይቶ ኮምፒውተር መጣ፣ መስመሩ ለሰለሰ። ከዚያስ? በ2012 ያው ዲዝኒ «ፔፐርማን» የሚባል አጭር ፊልም ሠራ። በ3ዲ የተሠራ እንቅስቃሴ ላይ ሠዓሊዎች በእጃቸው መስመር እንዲጨምሩ «ሚያንደር» የሚባል ሶፍትዌር ራሳቸው ሠሩ። ፊልሙ ኦስካር አገኘ። በ2013 ደግሞ ጃፓናዊው ኢሳኦ ታካሃታ በጂብሊ ስቱዲዮ «የልዕልት ካጉያ ተረት»ን አወጣ። ልጅቷ ከቤት ወጥታ ስትሮጥ መስመሩም አብሮ ይበጣጠሳል፣ ይጭራል፣ ይጠቁራል። ንዴቷን የምናየው ከፊቷ ይልቅ በመስመሩ ነው። ሽቦ መስመር ይህን ይችላል? አይችልም።

እንግዲህ እነሱ ገንዘብና ዓመታት አፍስሰው የሚፈልጉትን ነገር እናንተ ደብተራችሁ ላይ በነጻ ይዛችሁት ትደልዙታላችሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

ሩቅም አንሂድ። ባሕር ዳር ተቀምጠን ጀልባ ይዘን ዘጌ እንግባ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን እዩ። እነዚያ ወለል ብለው የሚያዩ ዓይኖች፣ እነዚያ ረጃጅም ጣቶች፣ የልብሱ እጥፋት፣ ሁሉም የሚናገሩት በጥቁር መስመር ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ እጅ የከበደበትና የቀለለበት ይታወቃል። የብራና ጸሐፊም የመቃ ብዕሩን ሲያዞር ፊደሉ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይቀጥናል። ቁም ጽሕፈት ያማረው በዚህ ነው። ቅዱስ ሥዕል ወስዳችሁ ካርቱን አድርጉት እያልኩ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አክብሮት ይፈልጋል። ግን መስመር እንደሚናገር ከጎረቤታችሁ ተማሩ።

አሁን ሰበቦቻችሁን አውቃቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ እንያቸው።

«የእርሳስ ኢፌክት አለ፣ አንድ ጠቅ ነው።» ኢፌክቱ የሚሰጣችሁ የእርሳስ ቆዳ ነው፣ ከሥሩ ያለው መስመር ያው ሽቦ ነው። ደግሞ አስተውሉ፦ ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ሸካራነት ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ሰውየው ግን ይንቀሳቀሳል። በሻካራ መስታወት አሻግሮ ማየት ይመስላል። ዓይን ወዲያው ያውቀዋል።

«ኤአይ ይሠራዋል።» ኤአይ የሚሰጣችሁ የሌላ ሰው የብዙ ሥዕል ድምር ነው። የናንተ ታንኳ የቱ ጋ ውሃ እንደጠጣ ማን ነገረው?

«መስመሩ ይርገበገባል።» ይርገበገባላ! በእጅ ሁለቴ የተሳለ ነገር አንድ ዓይነት አይሆንም። ያንን መግራት ነው እንጂ መግደል ምን አመጣው? ገጸ ባሕሪው ቆሞ ከሆነ ያንኑ ሥዕል 3 ጊዜ ደግማችሁ ገልብጡና በተራ አዙሯቸው፤ ቆሞም ይተነፍሳል። ከበዛባችሁ እያንዳንዱን ሥዕል ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ አቆዩት።

«ጊዜ ይፈጃል።» ሒሳቡን እንሥራው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። አንዱን ሥዕል ለ2 ፍሬም ብታቆዩት በሰከንድ 12 ሥዕል፣ ለ3 ብታቆዩት 8 ሥዕል። የ10 ሰከንድ ሥራ 80 ሥዕል ነው። ለእንትን ቪዲዮ ስታሸብልሉ የምታሳልፉትን ሌሊት አስቡት እስቲ።

«ዕቃ የለኝም።» ይሄኛው እንኳ እውነት አለው፤ የሥዕል ታብሌት ውድ ነው። ግን ክሪታ ነጻ ነው፣ ብሌንደር ነጻ ነው፣ ኦፕንቱንዝም ነጻ ነው። አንዴ በፍላሽ ከገለበጣችሁት ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ታብሌት የሌለው ወረቀት ላይ ይሳል። ስልኩን አንድ ቦታ አስሮ፣ የመስኮት ብርሃን ላይ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሳ። ክሪታ ውስጥ ያንን ሌየር «መልቲፕላይ» ያድርገው፤ ነጩ ወረቀት ይጠፋና የእርሳሱ መስመር ብቻውን ይቀራል፣ ቀለሙን ከሥሩ ባለው ሌየር ይቀባል። በቃ! ታብሌት ያላችሁ ደግሞ የብሩሹን ማለስለሻ አጥፉት ወይ ዝቅ አድርጉት፤ ውፍረቱንም ጥቁረቱንም በእጅ ግፊት እንዲሆን አድርጉ። በ3ዲ የምትሠሩም ብሌንደር ውስጥ «ላይን አርት» አለላችሁ። ግን እሱ ብቻውን ሽቦ ነው፤ «ኖይዝ» ጨምሩበት፣ ውፍረቱን ለዋውጡት፣ ፊትና እጅ ላይ ደግሞ በግሪስ ፔንስል ራሳችሁ ሳሉበት።

ፍትሐዊ ልሁን። ልስልስ መስመር ቦታ አለው። ብዙ ሠዓሊ አንድ ገጸ ባሕሪ ለብዙ ክፍል የሚስልበት ተከታታይ ፕሮግራም ላይ መስመሩ ወጥ ካልሆነ ሥራው ይበተናል። ደንበኛ ለማስታወቂያ እንዲህ ይሁን ካለም ይሁንለት፣ እንጀራ ነው። እኔ የምጣላው ያ ብቸኛው ትክክለኛ መንገድ ነው ብሎ ለጀማሪ ከሚያስተምር ሰው ጋር ነው። የኛው ዕዝራ ውቤ አንድ ሸራ ላይ እየሳለ፣ ፎቶ እያነሳ፣ እላዩ ላይ እየደገመ አኒሜሽን ይሠራል። ያለፈው ሥዕል አሻራ ከሥር ይታያል። «ክሊን አድርገው» ብንለው ምን ይቀረዋል?

አሠልጣኞች፣ እባካችሁ። የልጅ እጅ ጽሑፉን ያህል የራሱ ነው። መጀመሪያ ያንን እዩለት፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን አስተምሩት።

ልጆች፣ እናንተም የቤት ሥራ አላችሁ፤ ተመርቃችሁም አልለቃችሁም። ታንኳ ቀዛፊ፣ 3 ሰከንድ፣ በሰከንድ 8 ሥዕል። 24 ገጽ ነው፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ጨርሳችሁ እዚሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉት፣ ሁላችንም እናያለን። ያቺ «አልሆንም» ያለችኝ ልጅም ይሄን እያነበበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውን የምጠብቀው ከእሷ ነው።

መቅረጫ ያዙ። ላጲሱን ለሰው ስጡት።