ጾም ነው ብሎ መዘናጋት

ምግብ ቤት ገብቶ «ቀለል ያለ ነገር» ያማረው ሰው ቶሎ ብሎ የሚያዘው የጾም በያይነቱ ነው፤ ጾም አያወፍርም የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። እኔ አልስማማም። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ገደማ ነው፤ ከአትክልት መጣ ተብሎ ከንጥር ቅቤ አይቀልም። ትሪውን ልብ ብላችሁ እዩት፦ የምስር ወጡ ዳር ዳሩን ቀይ ዘይት ተንሳፎ እንጀራውን አርሶታል፤ ድንቹና ጥቅል ጎመኑ ያብለጨልጫሉ። ደግሞ ያን የራሰውን እንጀራ ነው መጨረሻ ላይ ተሻምተን የምንበላው (ጣዕሙማ እዚያ ነው፣ አልክድም)። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጾም ወይስ ፍስክ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ሥጋ ላማረው ቅቤ ከጠጣ ክትፎ ይልቅ ከቀይ ሥጋ የተሠራ ደረቅ ጥብስ ይሻላል፤ ሰላጣው በሎሚ ብቻ ይምጣ፤ ስኳር የተጨመረበት አቮካዶ ጁስ ይቅር። አሜሪካ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ከ2018 ጀምሮ ካሎሪውን ሜኑ ላይ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። ጭልፋው እንደ እጁ በሚለያይበት የእኛ ወጥ ቤት ግን ቁጥሩን ማን ያምነዋል? እኔ የምፈልገው ወጡ በየሳህኑ ለብቻው ቀርቦ፣ የምጨልፈውን ራሴ እንድመጥን ነው፤ አስተናጋጇንም «ዘይቱን ቀነስ አስደርጊልኝ» ስላት እንደ ስስታም ባልታይ ደስ ይለኛል።