የማዕበል ሳንቃና ማሰሪያው

በማዕበል ላይ በሳንቃ ቆሞ መንሸራተት ከሐዋይ ደሴቶች ተነሥቶ በብዙ አገር የተስፋፋ ጨዋታ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ አንዱ ሆኗል። በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄዱ ወጣቶቻችንም ይህን ጨዋታ በባሕሩ ዳር ማየታቸው፣ አንዳንዶቹም መሞከራቸው አይቀርም። ስለዚህ ሳንቃውን ከእግር ጋር ስለሚያያይዘው ገመድ ጥቂት ልንል ወደድን።

ገመዱ ከመፈልሰፉ በፊት ከሳንቃው የወደቀ ሰው እስከ ዳርቻው ድረስ እየዋኘ ሳንቃውን ይከተል ነበር። በማዕበል የሚገፋው ሳንቃም በመንገዱ ያገኘውን ዋናተኛ ይመታ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፓት ኦኒል የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት በሕክምና የሚያገለግለውን የጎማ ቱቦ ወስዶ ከሳንቃው ጋር አያያዘ። ዳሩ ግን ጎማው ከልክ በላይ የሚሳብ ስለ ነበረ ሳንቃውን እንደ ወንጭፍ መልሶ ይወረውረው ነበር። የፓት አባት ጃክ ኦኒል የግራ ዓይኑን ያጣው በዚሁ ጠንቅ ነው። ዛሬ ገመዱ የሚሠራው እንደዚያ ከማይሳብ፣ ዩሬታን ከተባለ ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች «ማሰሪያ የጀማሪ ምልክት ነው፤ ነፃነትን ይነሣል» እያሉ ተሣለቁበት። ዛሬም እንዲህ የሚሉ አልጠፉም። ልምድ ያለው ሰው ማንም በሌለበት ባሕር ያለ ማሰሪያ ቢጫወት የራሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሰው በበዛበት ውሃ ሳንቃን በሌላው ራስ ላይ መልቀቅ ነፃነት ነውን? በእኛ አስተያየት ማሰሪያው ከባለቤቱ ይልቅ የሚጠብቀው ጎረቤቱን ነው።

እንግዲህ አመራረጡ እንዴት ነው የተባለ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ርዝመቱን ከሳንቃው ጋር ማስተካከል ነው። ለ6 ጫማ ሳንቃ 6 ጫማ፣ ለ9 ጫማ ሳንቃ 9 ጫማ ያህል ገመድ ይበቃል። ያጠረ እንደሆነ ሳንቃውን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል፤ የረዘመ እንደሆነ በውሃው ውስጥ እየተጎተተ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እግርም ይጠላልፋል። ውፍረቱም እንደ ማዕበሉ ነው፤ ለትንሽ ማዕበል ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር፣ ለመካከለኛው 7፣ ለትልቁ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀጭኑ ቀላል ቢሆንም ቶሎ ይበጠሳል። ገመዱ የሚታሰረው ከኋላ በሚቆመው እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ሲሆን፣ በረጅም ሳንቃ ላይ የሚራመዱ ግን ከጉልበት በታች ማሰርን ይመርጣሉ።

ገዝቶ መርሳትም አይገባም። ገመዱ የተሰነጠቀ፣ መቆለፊያው በአሸዋ ተሞልቶ መያዝ ያቃተው እንደሆነ በጊዜው መለወጥ ነው። በማዕበል መካከል ከተበጠሰ በኋላ መጸጸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከሁሉም በላይ ገመድ ዋናን አይተካም። ጠንካራው ገመድ እንኳ አንድ ቀን ይበጠሳልና፣ ያለ ሳንቃው እየዋኘ ወደ ዳርቻ መመለስ የማይችል ሰው ወደዚያ ውሃ ባይገባ ይሻላል እንላለን።