መርከቧ ሄደች፤ ፕላኗስ?

አትላስ አካባቢ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ውሃ ያፈስሳል፣ ባለሙያው መዶሻውን ይዞ ይመጣል፣ ሦስት ቦታ ግድግዳ ይፈነቅላል፣ ቧንቧው አራተኛው ላይ ይገኛል። ፎቁ ሲጀመር ማህተም ያረፈበት ፕላን ነበረው። ሥራው መሃል ላይ ግን መታጠቢያ ቤቱ ቦታ ቀየረ፤ ለውጡን ወረቀቱ ላይ ያሰፈረ የለም። በፎቅ ቤት ሲሆን ኪሳራው የሴራሚክና የሠራተኛ ዋጋ ነው። በጦር መርከብ ሲሆን የሰው ሕይወት ነው።

ሰሞኑን ስለ ባህር በርና ስለ ባህር ኃይል የማያወራ የለም። ወደቡ የት ይሁን? መርከቡ ከማን ይገዛ? የመርከቡ ፕላን በማን እጅ ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይሰማም። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል እንጂ ኢትዮጵያ አንዴ ዋጋ የከፈለችበት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመርከብ ፕላን እንዴት ይያዝ እንደነበር እንመልከት። ነዳፊው በእርሳስ ይስላል። ሌላ ሰው በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ስታርች የተደረገበት ስስ ጨርቅ አንጥፎ በቀለም ይገለብጠዋል (በእንግሊዝ የመርከብ ግንባታ ግቢዎች ይህ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር)። ጨርቅ የተመረጠው ስለሚበረክትና ተፍቆ ስለሚታረም ነው። ቀጥሎ ጨርቁ በኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ ተደርጎ ብርሃን ይመታዋል፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ብሉ ፕሪንት የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። የሚዞረው ቅጂው ነው፤ ጨርቁ ከነዳፊዎቹ ቢሮ አይወጣም።

በዚህ መንገድ አንድ ንድፍ ብዙ ግቢዎችን ሊያሠራ ይችላል። ሊበርቲ የተባሉት 2,710 የጭነት መርከቦች መነሻው እንግሊዛዊ በሆነ አንድ ንድፍ በ18 የአሜሪካ ግቢዎች ተሠርተዋል።

ከባዱ ግን መሳል ሳይሆን ማረም ነበር። ጦርነቱ በገፋ ቁጥር በጦር መርከቦች ላይ ፀረ አውሮፕላን መድፍና ራዳር ይጨመራል። መድፍ ሲጨመር ገመድ፣ የጥይት ማከማቻ፣ ለተኳሾቹ አልጋ ይከተላል፤ ከላይ ክብደት ሲበዛ መርከቧ ሚዛን ታጣለች። ስለዚህ ለውጡ ንድፉ ላይ ይታረማል፣ ቀኑና የእርማቱ ምልክት ጥግ ላይ ባለችው ሠንጠረዥ ይመዘገባል፣ አዲስ ቅጂ ለሚመለከታቸው ይላካል። መርከቧም የራሷን ጥራዝ ትይዛለች። ቶርፒዶ ሲመታት፣ መብራት ሲጠፋ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሚዘጋ የሚታወቀው ትክክለኛ ሥዕል አስቀድሞ ተጠንቶ ከሆነ ነው። ያልታረመ ፕላን ከሌለ ፕላን ይብሳል፤ ሰው ያምነዋልና።

የኢትዮጵያ ባህር ኃይል ዋና መርከብ የዚሁ አሠራር ልጅ ነበረች። «ኢትዮጵያ» ከመባሏ በፊት «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ የባህር አውሮፕላኖች ደጋፊ መርከብ ነበረች፤ ሲያትል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1942 ተሠርታ ባህር ላይ ወረደች፣ በ1944 አገልግሎት ጀመረች። ጥር 1954 ዓ.ም. በውሰት ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ የባህር ኃይሉ ማሠልጠኛ ሆነች። ባርኔጋት በሚባለው በዚሁ ንድፍ 35 መርከቦች ተሠርተዋል። የኢትዮጵያን ባህር ኃይል በማሠልጠን የረዳችው ኖርዌይ ራሷ ከእህቶቿ አንዷን ለማሠልጠኛነት ትጠቀም ነበር።

እህትማማች መሆን ምን እንደሚጠቅም ፊሊፒንስ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ የዚህ ንድፍ 6 መርከቦች ወደዚያ ሸሹ። ፊሊፒንሶች 4ቱን አሰለፉ፣ 2ቱን ለመለዋወጫ ፈቱ። ንድፉ አንድ ስለሆነ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ይህ ዕድል አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ጋር ሲቆራረጡ የመለዋወጫውም መንገድ ተዘጋ። ቀጥሎ የመጡት የሶቪየት መርከቦች ነበሩ። በኢንችና በእንግሊዝኛ የለመደ ቴክኒሺያን በሚሊሜትርና በሩሲያኛ እንደገና ፊደል ቆጠረ። ሁለቱም ጊዜ ንድፉ የሰው ነው፤ ወዳጅነቱ ሲያልቅ የዕቃውም የእውቀቱም ምንጭ ይደርቃል።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ወደቀች። ግንቦት 1983 ላይ «ኢትዮጵያ»ን ጨምሮ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ተሻገሩ። እሷ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ጅቡቲ የደረሱት ደግሞ በ1996 በወደብ ዕዳ ለጨረታ ወጡ። ታሪኩ ሲነገር የሚለቀስላቸው መርከቦቹ ናቸው። የጥገና መዝገቡ፣ የእርማቱ ሥዕል፣ አንድ ትውልድ ቴክኒሺያን በእጁ የጻፈው ማስታወሻስ? እሱን የሚያነሳ የለም።

አሁን ባህር ኃይሉ እንደገና እየተቋቋመ ነው፤ መጋቢት 2011 ላይ ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነትም ይህንኑ ይጨምራል። «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ ፕላን ማለት ፋይል ነው» የሚል ይኖራል። ፋይልም ባለቤት አለው። ሻጩ የሚያስረክበው ውሉ ያስገደደውን ያህል ነው፤ ውሉ ላይ የሌለ ንድፍ በኋላ ሲጠየቅ በሌላ ዋጋ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። ከመድፉ ብዛት በፊት ውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ሙሉ ንድፉን መረከብ፣ የማረምና የማባዛት መብት፣ እዚሁ የሚቀመጥ የንድፍ ቢሮ። የኋለኛው እንኳን ወደብ እስኪገኝ አይጠብቅም፤ ጠረጴዛና የሠለጠነ ሰው ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ሌላ ሥራ አለ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ መርከቦች ፕላኖች በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ማንም አመልክቶ ቅጂ ሊጠይቅ ይችላል። የመርከቧን ሁለተኛ ሕይወት፣ ምጽዋ ላይ የተቀየረውንና የተቀጠለውን የሚያውቁት ግን በላይዋ ያገለገሉት ናቸው። በ1967 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ የተቀጠረ መርከበኛ ዛሬ 70 አልፎታል። የሞተር ክፍሏን የቧንቧ መስመር በቃሉ የሚስል ሰው ዛሬም እዚሁ አዲስ አበባ ሊኖር ይችላል፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቤቱ የሚሄድ ነው የጠፋው።