የብርሃኑ ሕክምና እስኪደርስ አቼቶውን አንናቅ

«የማኅፀን በር ቁስለት ያለ ቢላ፣ በብርሃን ብቻ ይድናል» የሚል ዜና ሲመጣ ማጋራት ይቀናናል። ዜናው ውሸት አይደለም። ግን የምናወራው ግማሹን ብቻ ነው።

ሕክምናው ፎቶዳይናሚክ ቴራፒ ይባላል። ብርሃን ሲያገኘው የሚሠራ መድኃኒት በማኅፀን በር ላይ ይደረጋል፤ ኤች.ፒ.ቪ በተባለው ቫይረስ ምክንያት የተለወጡት ሴሎች ከጤነኞቹ ይልቅ ይሰበስቡታል። ከዚያ ቀይ ብርሃን ሲበራበት እነዚያን ሴሎች ይገድላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ፣ ሴትዮዋ ወደፊት ስታረግዝ ያለ ጊዜዋ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል። ገና ልጅ ለምትፈልግ ወጣት ሳይቆርጥ የሚያክም ነገር ትልቅ ተስፋ ነው።

ውጤቱስ? 402 ሴቶች በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ፣ በብርሃኑ ከታከሙት 41 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል። የማስመሰያ ሕክምና ካገኙትም 22 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል፤ አንዳንዱን ቁስለት ሰውነት ራሱ ያጠፋዋልና። ስለዚህ ብርሃኑ ይሠራል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም። የታከመችም ሴት ክትትሏን ማቋረጥ የለባትም። ካንሰር ሆኖ ሥር ለሰደደ ሕመም ደግሞ መፍትሔው ይህ አይደለም።

እኛ አገር ግን ጥያቄው ከዚህ በፊት ይጀምራል። የማኅፀን በር ካንሰር ኢትዮጵያ ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር ነው። በ2007 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች አንዴ እንኳ የተመረመሩት ከመቶ 3 አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ተስፋፍቷል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲደረስበት ያስቀመጠው ግብ ከመቶ 70 ነው። ያልታየን ቁስለት ብርሃንም ቢላም አያድነውም።

ምርመራው እኮ ከባድ አይደለም። ነርሷ ወይም አዋላጇ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ በማኅፀን በር ላይ ትቀባለች፤ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው አሲድ ማለት ነው። (የቤት አቼቶ ራስ ላይ ይሞከር እያልኩ አይደለም!) ትንሽ ቆይታ በመብራት ታያለች። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ ያጠራጥራል። ለዚህ ሕክምና የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በሙቀት መሣሪያ ይቃጠላል። በደቂቃዎች ያልቃል፣ መቆረጥም የለበትም።

«ክትባቱ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። አገር አቀፉ ክትባት በ2011 ዓ.ም. የጀመረው ግን በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። ዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላቸው እናቶችና እኅቶች አልደረሳቸውም። ለእነሱ ያለው መከላከያ መመርመር ነው።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? አንዱ ምክንያት እኛ ወንዶች ነን። «ቫይረስ ተገኘብሽ» ሲባል «ከማን አመጣሽው?» የምንል አለን። ይህ ቫይረስ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረን አብዛኛውን ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ወንዱንም ሴቷንም። ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ መቼና ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ውጤት ትዳር ማፍረስ ግፍ ነው። ያንን ፈርታ ሳትመረመር የቀረች ሴት ደግሞ የምትመጣው ደም ሲፈሳት፣ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ያኔ የሚጠብቃት የጨረር ሕክምና ወረፋ ነው፤ አገሪቱ ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስትሰጠው የኖረችው ሕክምና።

ሌላው ምክንያት የመንግሥት ድርሻ ነው። ምርመራ አለ በተባለበት ጤና ጣቢያ አሲዱ ካለቀ፣ መሣሪያው ከተበላሸ፣ የሠለጠነችው ነርስ ከተዛወረች ወይም መጋረጃ ያለው ክፍል ከጠፋ፣ ምርመራው የወረቀት ነው። ተመርምራ ቁስለት የተገኘባትን ሴት «ሌላ ቀን ነይ» ማለትም እንደዚያው። ከገጠር የመጣች እናት ለሌላ ቀን የትራንስፖርት ገንዘብ ላይኖራት ይችላል።

የብርሃኑ ሕክምና አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣ። እስከዚያ ግን ሠላሳ ዓመት የሞላት ሚስት፣ እኅት ወይም እናት ያለችው ሁሉ ሁለት ነገር ያድርግ። እሷን «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» ይበላት። ጤና ጣቢያውን ደግሞ «ተመርምራ ብትገኝባት ዛሬውኑ ታክማታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ልናጋራው የሚገባን ዜና እሱ ነው።